ጥምቀት፦ ትርጉሙን ተረድቶ በአግባቡ ለመፈጸም የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ማንም ሰው ራሱን አያጠምቅም። መጸለይን፣ መጾምን፣ መመጽወትን ሰው ብቻውን ሆኖ በስውር ሊፈጽም ይችላል፤ ለመጠመቅ ግን የሌላ ሰው እጅ ያስፈልገዋል። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ራሱ ወደ ዮርዳኖስ በመጣ ጊዜ በዮሐንስ እጅ ተጠመቀ፤ ዮሐንስ ሊከለክለው ቢሞክርም “አሁንስ ፍቀድልኝ” አለው (ማቴ. 3፥15)።

እ.ኤ.አ. በ1609 በአምስተርዳም በስደት ይኖር የነበረ ጆን ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ ሰባኪ፣ እውነተኛ ጥምቀት ያለው ቤተ ክርስቲያን አላገኘሁም ብሎ በገዛ እጁ ራሱን አጠመቀ፤ ቀጥሎም ተከታዮቹን አጠመቀ። ብዙም ሳይቆይ ግን ስሕተት እንደ ሠራ አምኖ በዚያው አገር ከነበሩ ሜኖናውያን (አማኞችን ብቻ ከሚያጠምቁ ክርስቲያኖች) ጋር ለመቀላቀል ጠየቀ። ስሚዝ ቅን ሰው ነበር። ያላስተዋለው ነገር ጥምቀት የምንቀበለው ስጦታ መሆኑን ነው፤ ስጦታ ደግሞ ሰጪ ይፈልጋል።

በዚህ መመሪያ የምሰጣቸው ምክሮች ሁሉ፣ ከውኃው ጥልቀት እስከ አጥማቂው አቋቋም ድረስ፣ ከዚህ የሚነሡ ናቸው። የማገለግለው አምነው የተናዘዙትን በማጥለቅ በሚያጠምቅ ማኅበር ውስጥ ስለ ሆነ መንገዱ በዋናነት የዚያ ነው። ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ከዚህ የሚለዩበት ቦታ ላይ ስንደርስ ልዩነቱን ሳልሸፍን እናገራለሁ። ልትጠመቁ ያሰባችሁም፣ ሌላውን ለጥምቀት የምታዘጋጁም ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

ከውኃው በፊት ትርጉሙ

የጥምቀትን ትርጉም ሰብስቦ የያዘ አንድ ቦታ ብትፈልጉ ሮሜ 6ን ክፈቱ። ጳውሎስ እዚያ የሚመልሰው ጥያቄ በጣም ምድራዊ ነው፦ ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት ጸንተን እንኑር ወይ? መልሱን የሚጀምረው ከጥምቀት ነው። “እንግዲህ ክርስቶስ በአብ ክብር ከሙታን እንደ ተነሣ እንዲሁ እኛም በአዲስ ሕይወት እንድንመላለስ፥ ከሞቱ ጋር አንድ እንሆን ዘንድ በጥምቀት ከእርሱ ጋር ተቀበርን” ይላል (ሮሜ 6፥4)።

ቃሉ “ተቀበርን” እንደሚል አስተውሉ። የሚቀበር ሰው የሚያደርገው ነገር የለም፤ ሌሎች ያወርዱታል። ብዙ ሰው ወደ ጥምቀት የሚመጣው አሮጌ ሕይወቱን ሊያሻሽል፣ ሊጠግንና ሊያጸዳ አስቦ ነው። ሐዋርያው ግን አሮጌው ሰው ይሞታል፣ ይቀበራል እንጂ ይጠገናል አይልም። ከውኃው የሚወጣውም ተጠማቂው ስለ ጠነከረ አይደለም፤ ክርስቶስ ከመቃብር ስለ ወጣ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ከተጠመቀ በኋላ በድካም ሲወድቅ “ጥምቀቴ አልሠራም” አይልም፤ የሞተውን ሰው ኑሮ እየኖረ መሆኑን ተረድቶ ይመለሳል።

መጽሐፍ ቅዱስ ሌሎች ምስሎችም አሉት። ጥምቀት መታጠብ ነው (ሐዋ. 22፥16)፤ ክርስቶስን መልበስ ነው (ገላ. 3፥27)፤ ከውኃና ከመንፈስ መወለድ ነው (ዮሐ. 3፥5)፤ ወደ አንድ አካል መግባት ነው (1ቆሮ. 12፥13)። ጴጥሮስ የኖኅን ዘመን ውኃ፣ ጳውሎስ ደግሞ ቀይ ባሕርን መሻገርና ግዝረትን ከጥምቀት ጋር ያያይዛሉ። የጥንት ክርስቲያኖች እነዚህን ምስሎች በሕንጻ ጭምር ገልጸዋቸዋል፦ በሮም የሚገኘውን የላተራን ቤተ ጥምቀት ጨምሮ ብዙ ጥንታዊ የጥምቀት ቤቶች ስምንት ማዕዘን ያላቸው ናቸው፤ ስምንተኛው ቀን፣ ማለትም ከሰባቱ ቀናት ቀጥሎ ያለው እሑድ፣ ጌታ የተነሣበት፣ አዲሱ ፍጥረት የጀመረበት ቀን ነውና።

“ታዲያ ጥምቀት ያድናል ወይ?” የሚለው ጥያቄ ከሁሉ በላይ ይጠየቃል። የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክና የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት እግዚአብሔር በጥምቀት ዳግመኛ ልደትን በእውነት ይሰጣል ብለው ያስተምራሉ። አማኞችን ብቻ የሚያጠምቁት አብዛኞቹ ደግሞ ድኅነት በእምነት የተቀበልነው ነው፣ ጥምቀት የዚያ ምልክትና ምስክር ነው ይላሉ። ለሁለቱም የሚከብዱ ጥቅሶች አሉ። በጴንጤቆስጤ ቀን ጴጥሮስ ንስሐን፣ ጥምቀትን፣ የኃጢአት ስርየትንና የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በአንድ ትንፋሽ ይጠራል (ሐዋ. 2፥38)። በመስቀል ላይ የነበረው ወንበዴ ግን ሳይጠመቅ የገነትን ተስፋ ተቀበለ። በቆርኔሌዎስ ቤት መንፈስ ቅዱስ ከውኃው ቀድሞ ወረደ፤ ሆኖም ጴጥሮስ “እንግዲህ ውኃው ምን ያደርጋል” አላለም፣ እንዲጠመቁ አዘዘ እንጂ (ሐዋ. 10፥44-48)። ሐዋርያት እምነትንና ጥምቀትን ነጣጥለው አላስተማሩም፤ እኛም ተጠማቂውን ስናስተምር ነጣጥለን ባናቀርብለት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ውኃው በራሱ ኃይል የለውም። ግን ጌታ ያዘዘውን ውኃ የሚንቅ እምነትም ሐዋርያት የሚያውቁት እምነት አይደለም። ጴጥሮስ ራሱ ጥምቀት ያድናል ካለ በኋላ ወዲያው “የሰውነትን እድፍ ማስወገድ አይደለም” ብሎ ይጠብቀዋል (1ጴጥ. 3፥21)።

አንደኛ ደረጃ፦ ማን ይጠመቅ? መቼ?

በሐዋርያት ሥራ ውስጥ የሚጠመቁት ሰዎች ሲዘገዩ አናይም። ሦስት ሺህ ነፍስ ቃሉን በተቀበሉበት ቀን ተጨመሩ። የፊልጵስዩስ ወኅኒ ጠባቂ በዚያው ሌሊት ከቤተሰቡ ጋር ተጠመቀ። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሠረገላው ውኃ አጠገብ ሲደርስ “እነሆ ውኃ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?” አለ (ሐዋ. 8፥36)። ኋላ ግን ቤተ ክርስቲያን ንዑሰ ክርስቲያን የሚባሉትን፣ ማለትም በትምህርት ላይ ያሉትን፣ እስከ ሦስት ዓመት የምታስተምርበት ዘመን መጣ። ከዚያም አልፎ ጥምቀትን እስከ ሞት አልጋ የሚያቆዩ በዙ፤ ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ የተጠመቀው እ.ኤ.አ. በ337 ሊሞት ጥቂት ሲቀረው ነው።

ልዩነቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። በጴንጤቆስጤ የተጠመቁት ከልጅነታቸው መጻሕፍትን ሲሰሙ ያደጉ ነበሩ፤ ጃንደረባውም በሠረገላው ላይ ትንቢተ ኢሳይያስን ሲያነብ ነው የተገኘው። ወንጌል ጣዖት ወደሚያመልኩ ሕዝቦች ሲደርስ ግን አንድ አምላክ መኖሩን ከማስተማር መጀመር ግድ ሆነ። ስለዚህ የማስተማሪያውን ዘመን በወር ቆጥራችሁ ለሁሉም እኩል አትወስኑ። አንዱን በሁለት ሳምንት፣ ሌላውን በስድስት ወር ታገኙታላችሁ። መለኪያው ሰውዬው ማንን እንዳመነና ከምን እንደ ተመለሰ በራሱ አንደበት መናገር መቻሉ ነው።

ማቆየት የሚገባባቸው ሁኔታዎች አሉ። ለመጋባት ሲል ብቻ የሚጠመቅ፣ ወላጅ ወይም የትዳር ጓደኛ የገፋፋው፣ እርዳታ ወይም ሥራ አገኛለሁ ብሎ የመጣ፣ በግልጽ የሚያውቀውን ኃጢአት ለመተው ጨርሶ ያላሰበ ሰው ይቆይ። አትግፉት፤ ትምህርቱን ግን አታቋርጡበት። በተቃራኒው “ገና አልበቃሁም” የሚለው ሰበብ ተቀባይነት የለውም። የበቃ ሰው የሚጠብቅ ጥምቀት በወንጌል ውስጥ የለም። ዘመድ ሁሉ እስኪሰበሰብ እያሉ ዓመታት ማሳለፍም እንዲሁ ነው። ሐናንያ ሳውልን “አሁንስ ለምን ትዘገያለህ?” ብሎ ነው የጠየቀው።

ስለ ሕፃናት ጥምቀት ክርስቲያኖች ከተለያዩ ብዙ ዘመን ሆኗል። ሕፃናትን የሚያጠምቁ አብያተ ክርስቲያናት ከነቤተሰባቸው የተጠመቁትን የልድያን፣ የወኅኒ ጠባቂውንና የእስጢፋኖስን ቤቶች፣ እንዲሁም በስምንተኛው ቀን ይፈጸም የነበረውን ግዝረት ይጠቅሳሉ፤ የእምነቱን ቃል ስለ ሕፃኑ ወላጆችና የክርስትና አባት ወይም እናት ይናገራሉ፣ ልጁንም በዚያ እምነት ለማሳደግ ዋስ ይሆናሉ። እኛ ደግሞ በአዲስ ኪዳን ከጥምቀት በፊት የሚሰማው የተጠማቂው የራሱ ቃል ነው እንላለን። እ.ኤ.አ. በጥር 1525 በዙሪክ ጥቂት ሰዎች በዚህ እምነት እርስ በርስ ተጠማመቁ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ፌሊክስ ማንዝ በከተማው ምክር ቤት ፍርድ በሊማት ወንዝ ሰጥሞ ተገደለ። ክርስቲያኖች በጥምቀት ውኃ ክርክር እርስ በርስ እስከ መገዳደል ደርሰው ያውቃሉና ስለዚህ ጉዳይ ስትነጋገሩ አንደበታችሁን ጠብቁ። ልጆችን የምታስተምሩ ደግሞ፣ የአንድ ክፍል ልጆች በጅምላ እንዲጠመቁ አታድርጉ፤ ጓደኛው ስለ ተጠመቀ እጁን ያወጣውንና በልቡ ያመነውን ለብቻ በማነጋገር ትለያላችሁ።

ሁለተኛ ደረጃ፦ የዝግጅት ትምህርት

ትምህርቱን አታብዙት። ወንጌሉ ራሱ፣ የእምነት ጸሎት (በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ማመናችን)፣ ሮሜ 6፣ ንስሐ በተግባር፣ በመጨረሻም ከቅዱሳን ጋር የሚኖር ኑሮና የጌታ እራት ይበቃሉ። ሌላው ትምህርት ከጥምቀት በኋላ ይቀጥላል። ጌታ በማቴዎስ 28 ሲልክ ማጥመቅን ከተናገረ በኋላ ነው “ያዘዝኋችሁንም ሁሉ እንዲጠብቁ እያስተማራችኋቸው” ያለው። ሁሉን ነገር ከጥምቀት በፊት ለማስጨረስ የሚደረገው ጥረት ጥምቀትን የምረቃ በዓል ያስመስለዋል።

የንስሐው ክፍል በጥድፊያ አይታለፍ። መጥምቁ ዮሐንስ ሊጠመቁ የመጡትን በአጠቃላይ “ተመለሱ” ብሎ አላሰናበታቸውም፤ ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲሰጥ፣ ቀራጩ ከታዘዘው በላይ እንዳይወስድ፣ ጭፍራው በማንም ግፍ እንዳይሠራ ለእያንዳንዱ በየሥራው ነገረው (ሉቃ. 3፥10-14)። እናንተም ተጠማቂውን በየኑሮው ጠይቁት፦ የምትመልሰው ዕዳ አለህ? ይቅር ያላልከው ሰው አለ? የምትሸሽገው ልማድ አለ? በጥንት ዘመን ተጠማቂዎች ከውኃው በፊት ሰይጣንንና ሥራውን በግልጽ ይክዱ ነበር፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ይህን ክህደት እስከ ዛሬ ጠብቀውታል። በማኅበራችሁ ሥርዓት ባይኖር እንኳ በመጨረሻው የትምህርት ቀን ተጠማቂው በራሱ ቃል እንዲያደርገው እመክራለሁ።

ጾምም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በአንደኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም በሁለተኛው መጀመሪያ አካባቢ እንደ ተጻፈ የሚገመተው ዲዳኬ የተባለው የጥንት ክርስቲያኖች መመሪያ ተጠማቂው አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀደም ብሎ እንዲጾም ያዝዛል፤ አጥማቂውና ሌሎችም የሚችሉት አብረውት እንዲጾሙ ይላል። ሸክሙን በተጠማቂው ላይ ብቻ ያልጣለ ሥርዓት ስለ ሆነ በጣም እወደዋለሁ።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ውኃና ቦታ

ይኸው ዲዳኬ ስለ ውኃ ሲናገር አስቀድሞ የሚፈስ ውኃ፣ እርሱ ከሌለ ሌላ ውኃ፣ ቀዝቃዛ ካልተቻለ ሞቅ ያለ፣ ሁለቱም በቂ ካልሆኑ ደግሞ በራስ ላይ ሦስት ጊዜ ማፍሰስ ይፈቅዳል። ያን ያህል ቀድሞ የተጻፈ መመሪያ ይህን ያህል የሰፋ ልብ ማሳየቱ ስለ ውኃ ዓይነት ለሚከራከር ሰው ትልቅ ትምህርት ነው። እኛ የምናጠልቀው መቀበርንና መነሣትን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳይ ስለ ሆነ ነው። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሦስት ጊዜ ያጠልቃሉ፤ ብዙ የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ያፈስሳሉ።

ለማጥለቅ የውኃው ጥልቀት ከተጠማቂው ወገብ በላይ፣ ከደረቱ በታች ቢሆን ይመቻል። ከዚያ ካነሰ ሰውየውን ማውረድ ከባድ ይሆናል፤ ከበለጠ አጥማቂው ራሱ ሚዛኑን ያጣል። ወንዝ ወይም ሐይቅ ከመረጣችሁ ቀደም ብላችሁ በእግራችሁ ገብታችሁ ወለሉን ፈትሹ፦ ድንገት የሚጠልቅ ቦታ፣ የሚያንሸራትት ድንጋይ፣ ስለታም ነገር እንዳይኖር። ብልሃርዚያ በሚገኝባቸው አካባቢዎች የቆመ ወይም ቀስ ብሎ የሚፈስ ውኃን አትጠቀሙ። ላይኛው ተፋሰስ ላይ ዝናብ ከዘነበ ደግሞ ወንዙን ለሌላ ቀን ተዉት፤ ደራሽ ውኃ ለማንም ሥርዓት አይታገሥም። በገንዳ ከሆነ ውኃው በዚያው ቀን ወይም በዋዜማው የተሞላ ይሁን፤ መወጣጫ ደረጃውና መያዣው ጠንካራ ይሁን።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ፦ በሽቦ የተያያዘ ማይክሮፎን፣ የውኃ ማሞቂያም ሆነ ማንኛውም ከኤሌክትሪክ ጋር የተገናኘ ዕቃ ውኃ ውስጥ ያለ ሰው እጅ አይድረስ። ማሞቂያ ከነበረ ሰው ከመግባቱ በፊት ከሶኬቱ ይነቀል። ውኃ ውስጥ ቆሞ ማይክሮፎን መያዝ ሰው ሊገድል ይችላል። ድምፅ ካስፈለገ ከውኃው ርቆ የቆመ ሰው ቃሉን ይድገመው።

አራተኛ ደረጃ፦ ልብስና ዋዜማው

ልብስ ወፍራም፣ ሲረጥብ የማያሳይና ከሰውነት ጋር የማይጣበቅ ይሁን። ነጭ ልብስ ውብ ትርጉም አለው፤ የጥንት ክርስቲያኖችም ከውኃው ሲወጡ ነጭ ይለብሱ ነበር። ውኃ ውስጥ ግን ስስ ነጭ ልብስ ያጋልጣልና ነጩን ከውኃው በኋላ አልብሷቸው። ሰፊ ቀሚስ ከሆነ ጫፉ እንዳይንሳፈፍ ትንሽ ክብደት ይሰፋበት። ለሴቶችና ለወንዶች የተለያየ መለወጫ ቦታ፣ ለእያንዳንዱ ተጠማቂ ፎጣ ይዞ ከውኃው ዳር የሚጠብቅ ሰው አዘጋጁ። እህቶች ከውኃ ሲወጡ ፎጣውን የምትዘረጋላቸው እህት ትሁን። ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች ናቸው፤ ተጠማቂው በዚያ ሰዓት የሚያስበው ስለ ልብሱ ከሆነ ግን ቀኑ አመለጠው ማለት ነው።

በዋዜማው ተጠማቂውን በደረቅ ቦታ አለማምዱት። እጁን እንዴት እንደሚያጣምር፣ ጉልበቱን እንዴት እንደሚያጥፍ አሳዩት። ውኃ የሚፈራ ሰው ካለ አጥማቂው ከሕዝቡ በፊት ለብቻው ወደ ውኃው ይዞት ይግባ። የሚጥል በሽታ፣ የልብ ሕመም፣ የጆሮ ቁስል ወይም እርግዝና መኖሩን አስቀድማችሁ በምስጢር ጠይቁ።

አምስተኛ ደረጃ፦ በጥምቀቱ ሰዓት

ቃል ይነበብ፤ ሮሜ 6 ወይም ማቴዎስ 28 ይበቃል። ረጅም ስብከት አያስፈልግም፤ ሰዎች ቆመው ይጠብቃሉ። ቀጥሎ ተጠማቂው እምነቱን ይናገራል። ምስክርነቱ ስለ ክርስቶስ ይሁን፤ የቀድሞ ኃጢአትን ዝርዝር በሕዝብ ፊት መዘርገፍ ለማንም አይጠቅምም፣ ሌሎችን የሚነካ ምስጢርም ሊያወጣ ይችላል። ንግግር የሚከብደው ሰው ለጥያቄ ይመልስ፦ “ኢየሱስ ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ፣ ጌታህና አዳኝህ እንደ ሆነ ታምናለህ?” “አምናለሁ።” ይህ ብቻውን ሙሉ ምስክርነት ነው።

አጥማቂው ከተጠማቂው ጎን ይቆማል። ተጠማቂው እጆቹን በደረቱ ላይ አጣምሮ በአንዱ አፍንጫውን ለመያዝ ይዘጋጃል። አጥማቂው በአንድ እጁ የተጣመሩትን እጆች ይይዛል፣ ሌላውን በትከሻዎቹ መካከል፣ ከማጅራቱ ዝቅ አድርጎ ያኖራል። ወንዝ ውስጥ ከሆነ የተጠማቂው ራስ ውኃው ወደሚመጣበት፣ እግሩ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን፤ ውኃው አፍንጫው ውስጥ አይገባም፣ ሲነሣም ያግዘዋል።

ከዚያ ቃሉን በግልጽ ድምፅ ይናገር፦ “በእምነትህ ምስክርነት መሠረት በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሃለሁ”፤ ለእህት “አጠምቅሻለሁ”። ቃሉ ሁሉ ከመጥለቁ በፊት ይለቅ፤ ሰው ጆሮው ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚሰማው የለም። በባይዛንታይን (የግሪክና የሩስያ ኦርቶዶክስ) ሥርዓት “የእግዚአብሔር አገልጋይ እገሌ ይጠመቃል” ይባላል፤ የአጥማቂው “እኔ” ጭራሽ አይሰማም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 “እናጠምቅሃለን” በሚል የተፈጸመ ጥምቀት ተቀባይነት እንደሌለው ወስናለች፤ ምክንያቷ የሚያጠምቀው ክርስቶስ እንጂ ማኅበሩ አይደለም የሚል ነው። በዚያ ደረጃ ባንወስን እንኳ ቃሉን እንዳሻን ልናሳምር መብት እንደሌለን ልብ እንበል። በሐዋርያት ሥራ “በኢየሱስ ክርስቶስ ስም” የሚለውን ይዘው በዚያ ብቻ የሚያጠምቁ አሉ፤ ጌታ ራሱ በማቴዎስ 28፥19 ያዘዘው ቃል እያለ እርሱን መተው አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ቃሉ ሲያልቅ ተጠማቂው ጉልበቱን ያጥፋል፣ አጥማቂው ወደ ኋላ ቀስ አድርጎ ያወርደዋል፤ ግንባሩና ፊቱ ሙሉ በሙሉ እንደ ጠለቀ ወዲያው ያነሣዋል። ውኃ ውስጥ ማቆየት አያስፈልግም። ከባድ ሰውነት ላለው ሁለተኛ አገልጋይ በሌላው ጎን ይቁም። ወደ ኋላ መውደቅ የሚያስፈራው ሰው ተንበርክኮ ወደ ፊት ሊጠልቅ ይችላል። ሲነሣ ጥቂት ይተንፍስ፣ ከዚያ ሕዝቡ ይዘምር። ብዙ ማኅበራት በዚህ ጊዜ እጅ ጭነው ይጸልያሉ፤ ሌሎች ቅብዐ ሜሮን ይቀቡታል።

ፎቶ የሚያነሣ አንድ ሰው ብቻ መድቡ። ስልክ የያዘ ሕዝብ ገንዳውን ሲከብብ ተጠማቂው የሚታይበት ዕቃ ይሆናል።

መጥለቅ ለማይችሉ

በአልጋ ላይ ያለ ሕመምተኛ፣ የቀዶ ጥገና ቁስሉ ያልዳነ፣ ብዙ ውኃ በሌለበት እስር ቤት ያመነ ሰው በማፍሰስ ይጠመቅ፤ ቃሉን እየተናገራችሁ ውኃውን በራሱ ላይ ሦስት ጊዜ አፍስሱ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰውን ግን ሳትጠይቁ በማፍሰስ ብቻ አትወስኑበት፤ ሦስት አራት ወንድሞች ተሸክመው ሊያጠልቁት ይችላሉ፣ ብዙ ጊዜም የሚፈልገው ይህን ነው። ሊሞት የተቃረበ ሰው ከሆነ፣ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሥርዓት አገልጋይ ካልተገኘ ማንኛውም ክርስቲያን ሊያጠምቀው ይችላል።

“ያጠመቀኝ አገልጋይ ወደቀ፤ ደግሜ ልጠመቅ?”

ይህ ጥያቄ እንባ ይዞ ይመጣል። በሦስተኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን አፍሪካ የካርቴጅ ጳጳስ ቆጵርያኖስ ከቤተ ክርስቲያን በተለዩ ሰዎች የተሰጠ ጥምቀት ጥምቀት አይደለም ሲል፣ የሮሙ ጳጳስ እስጢፋኖስ እጅ መጫን ይበቃል አለ። እ.ኤ.አ. በ314 የአርል ጉባኤ በሥላሴ ስም የተጠመቀ ሰው ጥምቀት እንዳይደገም ወሰነ። ኋላም ዶናቲስቶች የተባሉ የሰሜን አፍሪካ ክርስቲያኖች በስደት ዘመን የከዱ ሰዎች የሚፈጽሙት ምስጢር ርኩስ ነው ሲሉ፣ አውግስጢኖስ ማን ቢያጠምቅ የሚያጠምቀው ክርስቶስ ነው ብሎ መለሰላቸው።

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ጥምቀት የምንቀበለው ስጦታ ከሆነ የሰጪው መልእክተኛ መውደቅ ስጦታውን አያጠፋውም። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ያጠመቃቸው ጥቂቶች በመሆናቸው እግዚአብሔርን ያመሰገነው ማንም “በጳውሎስ ስም ተጠመቅሁ” እንዳይል ነው (1ቆሮ. 1፥14-15)። ስለዚህ አገልጋዩ ወደቀ፣ እናንተም ከጥምቀት በኋላ ተሰናከላችሁ ብላችሁ አትደግሙ፤ ኤፌሶን 4፥5 “አንዲት ጥምቀት” ይላል። ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1529 ባዘጋጀው ትምህርት፣ ኃጢአትና ሕሊና ሲከሱን “ተጠምቄአለሁ” ብለን እንድንመልስ አስተምሯል። የሚያስፈልጋችሁ ንስሐ ነው።

የሐዋርያት ሥራ 19 ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በኤፌሶን የተገኙት ደቀ መዛሙርት የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ የሚያውቁ ስለ ነበሩ በጌታ በኢየሱስ ስም ተጠመቁ። ሰው ሲጠመቅ ምንም ሳያምን፣ ለወረቀት ወይም ለጋብቻ ብቻ ውኃ ገብቶ ከነበረ፣ ወይም ሕፃን ሆኖ ተጠምቆ አሁን በራሱ እምነት ልጠመቅ ካለ፣ አብያተ ክርስቲያናት የተለያየ መልስ ይሰጣሉ። እንዲህ ያለውን ሰው በችኮላ አታጥምቁ፣ በችኮላም አትመልሱ። ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጣችሁ፣ የቀድሞ ጥምቀቱን ሳታቃልሉ፣ ሕሊናው የሚለውን በትዕግሥት ስሙ።

ከውኃው በኋላ

ማርቆስ ጌታ ከተጠመቀ በኋላ “ወዲያውም” መንፈስ ወደ ምድረ በዳ እንዳወጣው ይጽፋል (ማር. 1፥12)። ተጠማቂዎች ይህን አስቀድመው ይወቁ፤ ከጥምቀት በኋላ ያሉት ሳምንታት ብዙ ጊዜ ፈተና ያለባቸው ናቸው። ለእያንዳንዱ አዲስ ተጠማቂ ቢያንስ ለሦስት ወር በየሳምንቱ የሚያገኘው አንድ የበሰለ ወንድም ወይም እህት መድቡለት። ወደ ጌታ እራት እንዲቀርብ፣ በማኅበሩ ውስጥ የሚያገለግልበት ትንሽ ኃላፊነት እንዲኖረው አድርጉ። ቤተሰቡ በጥምቀቱ የተቆጣበት ሰው ካለ ብቻውን ወደ ቤት አይመለስ፤ የሚያድርበትን ቦታ ጭምር አስቀድማችሁ አስቡ።

በመጨረሻ መዝገቡ። የተጠማቂው ሙሉ ስም፣ የተወለደበትና የተጠመቀበት ቀን፣ ቦታው፣ የአጥማቂው ስምና የሁለት ምስክሮች ፊርማ በቋሚ መዝገብ ይግባ፤ የተጠመቀበት ቃልና ሁኔታ (በመጥለቅ ወይም በማፍሰስ) አብሮ ይጻፍ። ለተጠማቂው የምስክር ወረቀት ስጡት። ከዓመታት በኋላ ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሲዛወር፣ ጥምቀቱ ተቀባይነት አለው ወይስ የለውም የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በዚያ በተጻፈው ቃል ነው።